የተማሪው ጭንቀትና የምዕራቡ ሠፈር ታሪክ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ምሽት የምናገረው በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ስለሚማሩት ልጆች የአእምሮ ጤንነት ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዱ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ቅንጦት ይመስለዋል፤ «እኛ ስንማር ማን አማካሪ ሰጠን?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ታሪካችንን ገለጥ አድርገን ብንመለከተው፣ የተማሪ ጭንቀት በአገራችን ከፊደል ገበታ ጋራ አብሮ የኖረ፣ ስምም መድኃኒትም ሲፈለግለት የቆየ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። ንግግሬ በየሜዳው እንዳይበተን አንድ ሠፈር መርጬ በዚያ ላይ አቆመዋለሁ፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በአመዛኙ በአምቦና በጅማ መንገዶች መካከል የተዘረጋው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ኮልፌ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ይሄዳል፤ የደቡብ አፍሪቃው ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ትምህርት የቀሰሙት በዚያ ነውና። እኔ የማነሣው ግን ይህን የተከበረውን ታሪክ አይደለም። ስሙን ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ሌላም ነገር ይሰማበታል። በኦሮምኛ «ኮልፋ» ማለት ሳቅ ነው፤ ቀራንዮ ደግሞ የመከራው ተራራ ስም ሲሆን፣ ለሠፈሩ የተሰጠው በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ነው። ሳቅና መከራ ለጆሮ እንዲህ ተጎራብተው የሚሰሙበት ክፍለ ከተማ ሌላ መኖሩን እንጃ።

የዚህ ሠፈርና የዙሪያው ታሪክ በብዙ መንገድ የመገለል ታሪክ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት ቶማስ ላምቢ የተባሉት አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል ከከተማው ወጣ ብሎ አቋቋሙ፤ ሆስፒታሉም በልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያነት ተሰየመ። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ ላይ ዛሬ በአጭሩ አለርት እየተባለ የሚጠራው፣ የመላው አፍሪቃ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማገገሚያና ማሠልጠኛ ድርጅት ተመሠረተ። ወደ መሐል ከተማ ጠጋ ብሎ፣ ከኮልፌ ብዙም ሳይርቅ በመርካቶ አጠገብ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ይህም ለብዙ አሥርት ዓመታት የመላ አገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአምቦን መንገድ ይዞ ከከተማው ለሚወጣ ሰው ደግሞ በገፈርሳ አካባቢ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ይገኛል። በጅማው መንገድ በኩል ባለው በረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ብሎ የሰየመው የቆሻሻ መጣያ ከኀምሳ ዓመት በላይ የከተማውን ጥራጊ ሲቀበል ቆየ።

እነዚህ የሕክምና ቤቶች የሠሩትን በጎ ሥራ የሚክድ የለም። አለርት ከመላው አፍሪቃ የመጡ ሐኪሞችን አሠልጥኗል፤ አማኑኤልም ሌላ መጠጊያ ላልነበረው ሕመምተኛ በሩን ከፍቶ ኖሯል። ሆኖም ካርታውን ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው፣ አዲስ አበባ በዓይኗ ልታየው ያልወደደችውን ነገር ወደ ምዕራብ ትገፋ እንደነበረ ግልጥ ነው። ከአካሉ የቆሰለውንም፣ ከአእምሮው የታወከውንም፣ ጥራጊውንም ወደ አንድ አቅጣጫ ሰደደች። ከዚያም በኋላ በነዚህ ቦታዎች ዙሪያ ሰው ሠፈረ፤ ልጆች ተወለዱ፤ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ይህ የመግፋት ልማድ ከሠፈሩ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ግቢ ገብቶ መኖሩን ነው ዛሬ ለማሳየት የምፈልገው።

የሥጋ ደዌ በሽተኞቹን ልጆች እናስብ። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን በሽታው ከተህዋስ የሚመጣ መሆኑን በ1865 ዓ.ም. ገልጠው ነበር፤ በዓለርት ግቢ ያለው የምርምር ተቋምም በስማቸው ይጠራል። በሕዝቡ ዘንድ ግን በሽታው በዘር የሚወረድ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል። ስለዚህ አካሉ ፍጹም ጤናማ የሆነ ልጅ የአባቱን ሕመም በስሙ ላይ ተሸክሞ ወደ ክፍል ይገባ ነበር። ከእርሱ ጋራ ዳቦ የሚቆርስ ጓደኛ ማጣቱ፣ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን መቆሙ፣ የሠፈሩን ስም ሲጠየቅ መዋሸቱ በየትኛውም የሕክምና መዝገብ አልተጻፈም። ሳንባውን ታሞ ቢሆን ኖሮ ይመዘገብለት ነበር።

አሁን ወደ ጥንቱ ትምህርት ቤት መለስ ልበል፤ የዘመናዊውን ጉድለት ለመረዳት የጥንቱን ማወቅ ይጠቅማልና።

የአብነት ተማሪ ገና በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ የማያውቀውን አገር አቋርጦ፣ ስሙ ወደ ተሰማለት መምህር ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትር ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ማታ በጎጆው ውስጥ ከጓደኞቹ ጋራ ያገኘውን አካፍሎ ይበላል፤ ከዚያም በጨለማ የቀኑን ትምህርት በቃሉ ይደግማል። ረኀብ፣ ብርድ፣ እከክ፣ ናፍቆት አይለዩትም። ይህን ኑሮ ዛሬ በናፍቆት የሚያወሱት አሉ፤ እኔ ግን መከራውን አስውቦ መናገር አልወድም። ከመምህሩ የኰበለለው ተማሪ ተይዞ በእግር ብረት የታሰረበት፣ ቃል የሳተው በአለንጋ የተገረፈበት ጊዜ ነበር።

ቢሆንም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ ያጣነው አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ተማሪው ብቻውን አለመሆኑ ነው። የኔታ መምህርም፣ ዳኛም፣ አባትም ናቸው። የልጁን ድምፅ በየዕለቱ ስለሚሰሙ፣ ድምፁ የተለወጠ ዕለት ያውቁታል። ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስጠናዋል፤ ልመናውንም፣ ጎጆ መቀለሱንም፣ ውሻ መመከቱንም ያስተምረዋል። ልጁ ቢታመም ጓደኞቹ ለምነው ያበሉታል፤ አእምሮው ቢታወክም ይዘውት ወደ ጠበል ይሄዳሉ። በቁርኣን ቤትም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነበር፤ ሉሁን ይዞ ከሼኹ እግር ሥር የተቀመጠው ልጅ ከትልልቆቹ ደረሶች ጋራ ይውል ያድር ነበር። ኮልፌ ብዙ የእስልምና ተከታዮች የሚኖሩበት ሠፈር ስለሆነ ይህን የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አይጠፉበትም።

የጥንቱ ተማሪ ጭንቀት ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በአብሾ ነው። ቃሉን በቀልድ እንጠቀምበታለን፤ በጥቂት ነገር ቱግ የሚለውን ሰው «አብሾ አለበት» እንላለን። ነገሩ ግን ከቀልድ የራቀ ነው። ትምህርት ያልገባለት ወይም ከጓደኞቹ ሁሉ ልቆ ለመታየት የፈለገ ተማሪ፣ አእምሮ ይከፍታል የተባለለትን ተክል በጥብጦ ይጠጣ ነበር። ያ ተክል አስተናግር የሚባለው ሲሆን፣ በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዛም ንጥረ ነገሮች አሉበት። የጠጣው ሰው ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ይለፈልፋል፤ መጠኑ ከበዛም ይሞታል። የሚያሳዝነው ደግሞ ስኮፖላሚን የማስታወስን ችሎታ የሚቀንስ መሆኑ ነው። ምስኪኑ ተማሪ ለማስታወስ ሲል የሚያስረሳውን ጠጣ ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የነበረ ልጅ ወድቆ ከመታየት ይልቅ መርዝ መጠጣትን የመረጠው ለምንድን ነው? ባዶ እጁን ወደ እናቱ ቤት መመለስን ስለፈራ ነው። ይህ ፍርሃት ከአብነቱ ጎጆ ወጥቶ ወደ ፈተናው አዳራሽ ሲገባ ልብሱን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ያበደውንም ተማሪ ሕዝቡ «ትምህርት በዝቶበት ነው» ይለው ነበር፤ ዛሬም ይለዋል።

ዘመናዊው ትምህርት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ፤ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ደወል፣ የክፍል ቁጥር፣ የውጭ ቋንቋ፣ የጽሑፍ ፈተና አብረው መጡ። ከድል በኋላም በ1930ዎቹ ማለቂያ በኮልፌ አቅራቢያ በጄኔራል ዊንጌት ስም የተጠራው አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ልጆች በእንግሊዛውያን መምህራን እጅ ተምረው ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ይዘጋጁ ነበር። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡት ሰዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አቋቁመዋል፤ ዛሬ እኛ የተቀመጥንበትን ወንበር ያዘጋጁት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት ውስጥ ከአገሩ የራቀ ልጅ ቢያዝን የሚያዝነው በአንድ ቋንቋ ነው፤ የሚማረው ደግሞ በሌላ ቋንቋ ነው። የኔታ ዳኛም አባትም ነበሩ ብያለሁ፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት ዳኝነቱ ቀረና አባትነቱ ባለቤት አጣ።

ፈተናውም እየከበደ ሄደ። የስምንተኛ ክፍሉን ሕዝቡ «ሚኒስትሪ» አለው፤ የአሥራ ሁለተኛውን «ማትሪክ»። የመጀመሪያው ስም የመሥሪያ ቤት ስም መሆኑን ልብ በሉ። ልጁ የሚፈተነው በመምህሩ ፊት መሆኑ ቀርቶ በማያየው ሚኒስቴር ፊት ሆነ። ያለፈው በመንግሥት ደመወዝ ቤተሰቡን ይጦራል፤ የወደቀው ደግሞ «ወደቀ» የሚለውን ቃል እንደ ቅጽል ስም ተሸክሞ በሠፈሩ ይዞራል።

በውጭው ዓለም በዚህ ጉዳይ ምን ይደረግ እንደነበረ በአጭሩ ልናገር። በ1888 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ላይትነር ዊትመር የተባለ ሊቅ አንዲት መምህርት ያመጣችለትን ልጅ መረመረ። ልጁ 14 ዓመቱ ነበር፤ በሌላው ትምህርት ደኅና ሲሆን ፊደል አስተካክሎ መጻፍ ግን አቅቶት ነበር። ዊትመር ሲመረምረው የዓይን ጉድለት አገኘበት፤ መነጽርም ታዘዘለት። በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የሚደረገው የሥነ ልቦና ምርመራ የተጀመረው እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ከሊቁ ይልቅ መምህርቷ ናት። ልጁን «ሰነፍ» ብላ ከክፍል ማስወጣት ስትችል፣ እጁን ይዛ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ወሰደችው።

በእኛ አገር በ1950ዎቹ ማለቂያና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሮበርት ጊል የተባሉ የኔዘርላንድ ተወላጅ የአእምሮ ሐኪም በአዲስ አበባ እየሠሩ፣ ከባልደረባቸው ከቫን ሉይክ ጋራ ስለ ትንንሽ ከተሞች ነዋሪዎችና ጥፋተኛ ተብለው ስለተያዙ የአዲስ አበባ ልጆች የአእምሮ ሁኔታ ጥናት አሳተሙ። በዚያው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን የምክር አገልግሎት የሚባለው ነገር ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መግባት ጀምሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ይበልጡን የሚያተኩረው ተማሪው ምን ሥራ ይምረጥ በሚለው ላይና በሥነ ሥርዓት ጥሰት ላይ ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪ የክፍል ጓደኛው ማታ ተወስዶ ጠዋት ሬሳው መንገድ ላይ ሲጣል አየ፤ ማልቀስ እንኳ ያስጠረጥር ነበር። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባላችን ያን ጊዜ ሕይወት ማዳኛ ሆኖ ነበር። ያ ትውልድ ከዚያ በኋላ ወላጅ ሆነ፤ መምህር ሆነ፤ ሆድ ይፍጀውንም ለልጆቹ አወረሰ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደነገገ። አለንጋው በሕግ ተወገደ ማለት ነው። በአለንጋው ፋንታ መምህሩ ምን ይያዝ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። ስድሳ ልጆች በአንድ ክፍል የተቀመጡበት መምህር አንዱን ልጅ አስቁሞ «ምን ሆነሃል?» ለማለት ጊዜ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመዘዘው ሦስተኛው መሣሪያ ነው፤ ይኸውም «ወላጅ አምጣ» ብሎ ከበር መመለስ ነው። ይህ ያው የመግፋት ልማድ መሆኑን አድማጮች ሳታስተውሉት አትቀሩም። ወላጅ የሌለው፣ ወይም ወላጁ የቀን ሥራውን ጥሎ መምጣት የማይችል ልጅ፣ ለአንድ ሳምንት ከበር ውጭ ይውላል፤ በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱን ይተዋል።

ስለ ረኀብም አንድ ነገር ልጨምር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ጀምሯል። ይህን ብዙ ሰው የምግብ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን በከተማይቱ ውስጥ ለተማሪ አእምሮ ጤንነት ከተደረጉት ነገሮች ከፍ ያለውን ሥፍራ እሰጠዋለሁ። ከቁርስ በፊት የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ፣ የሚነጫነጨውን ባለጌ ስንለው ኖረናል፤ ሆዱ ሲሞላ ስሙ ተለወጠ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚያም ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ። ኀዘኑ በሦስተኛው ቀን ለሁላችን አለቀ። በዚያ አካባቢ ለሚማር ልጅ ግን ከፊቱ ያለው ወንበር ባዶ እንደሆነ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያን የምንታማ አይደለንም፤ ድንኳን ተክለን፣ ዕድር ጠርተን፣ ሐዘንተኛውን ከበን ቀን ከሌሊት እንቀመጣለን። ይህ ሁሉ ሥርዓት የተሠራው ግን ለአዋቂ ነው። ልጁ «ሂድ ውጭ ተጫወት» ይባላል፤ ማታም ከእንግዳ ጋራ እንዳይተኛ ጎረቤት ቤት ይሰደዳል። ሰኞ ደግሞ ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል ይመለሳል። እዚያም ስለ ሞት የሚያነጋግረው ሰው ከሌለ፣ ያየውን ነገር የት ያኖረዋል?

ሦስት ዓመት እንደ ሞላ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ የተከፈቱት በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከዚያም በሰሜኑ ጦርነት ወራት ወንድሙ ወይም አባቱ የዘመተበት፣ ዘመዱ የተፈናቀለበት ልጅ በየክፍሉ ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ ፈተናው መጣ። የ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሰጥ፣ ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ፣ ማለት ከመቶ 3.3 ሆኑ። በቀጣዩም ዓመት ከመቶ 3.2 ሆነ፤ ከሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2016ቱ ፈተና ወደ 5.4፣ በ2017ቱ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል።

ኩረጃን ማስቀረቱ ትክክል ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። የምጠይቀው ስለ ሌሎቹ ዘጠና ሰባት ነው። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ሲወድቁ፣ የወደቀው ተማሪው ነው ወይስ ያስተማረው ሥርዓት ነው? መልሱ ለትልቅ ሰው ግልጥ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ግን ውጤቱን በስልኩ ላይ ባየባት ሌሊት ይህን ማመዛዘን አይችልም። እርሱ የሚያየው የእናቱን ፊት ነው። በዚያች ሌሊትና በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ የሚያነጋግረው ሰው ማግኘቱ ወይም አለማግኘቱ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጎጆ ውስጥ አብሾ የበጠበጠውን ልጅ አስታውሱት።

ከመቶ ስንቱ ልጅ ይታወካል ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ይኖር ይሆናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ ሁለት ጥናቶች አሉ፤ በአምቦ ወረዳ የተደረገው ከመቶ 17.7 ሲል፣ በቡታጅራ የተደረገው ከመቶ 3.5 አለ። ልዩነቱ የአምቦ ልጆች ከቡታጅራ ልጆች ይልቅ ሕመምተኞች ስለሆኑ አይደለም። የመጀመሪያው በአጭር መጠይቅ ምልክት ያሳዩትን ሁሉ ሲቈጥር፣ ሁለተኛው በረጅም ቃለ ምልልስ ሕመም ለመባል የበቃውን ብቻ ቈጠረ። በመካከላቸው የቀሩት፣ ሕመምተኛ ያልሆኑ ነገር ግን የተጨነቁ ልጆች ናቸው። ለነዚህ የሚያስፈልጋቸው ሆስፒታል ሳይሆን ሰው ነው፤ ሰውየውም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መገኘት አለበት።

በሕክምናው በኩል መሻሻል አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ በ1995 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ጥቂቶች በውጭ አገር የተማሩ ነበሩ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮም ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጥቶ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ ታቀደ። «አማኑኤል» የሚለው ስም ግን በተማሪዎች አፍ ዛሬም ስድብ ነው። ትርጓሜው «እግዚአብሔር ከእኛ ጋራ ነው» የሆነ ስም፣ «ከእኛ ይለይ» ለማለት ሲያገለግል ማየት ያስገርማል። ይህ ስድብ ባለበት ክፍል ውስጥ «ጨንቆኛል» የሚል ልጅ አይገኝም። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

አፍሪቃዊ ምሳሌ ከፈለግን ዚምባብዌ አለችልን። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ1998 ዓ.ም. በሐራሬ ከተማ በምባሬ ሠፈር ሐኪም በሌለበት ቦታ 14 አሮጊቶችን አሠለጠኑ። አሮጊቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ያዳምጣሉ። ሕመሙን በፈረንጅ ስም አይጠሩትም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ»፣ ማለት ሐሳብ ማብዛት ይሉታል። በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ከሌሎቹ እጅግ እንደቀነሰ አሳየ። እኛ «ሐሳብ ገባው» የምንል ሕዝብ፣ ቡና አፍልተው የሰው ብሶት የሚያዳምጡ እናቶች በየቀበሌው ያሉን ሰዎች፣ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አድማጮች ነገሩ በመጨረሻ የመደብና የበጀት ጉዳይ መሆኑን ታውቃላችሁ። ለአንድ ትምህርት ቤት አማካሪ መደብ መክፈት አንድ ነገር ነው፤ አማካሪው ምን ይሠራል የሚለው ሌላ ነው። አማካሪው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባል ሆኖ ጠዋት የቀጣውን ልጅ ከሰዓት በኋላ «ምሥጢርህን ንገረኝ» ቢለው፣ ልጁ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱም አስተዋይነት ነው። መምህር በጎደለ ቁጥር ወደ ክፍል እየተላከ የሥነ ዜጋ ትምህርት የሚሸፍን ከሆነም አማካሪ መባሉ ለደመወዝ መዝገቡ ብቻ ነው። በሩ የሚዘጋ፣ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ፈንጠር ያለ አንድ ክፍል፣ ቁልፉም በእርሱ እጅ የሆነ ሣጥን ያስፈልገዋል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

ከዚያም መንገዱ አለ። ከኮልፌ ትምህርት ቤቶች እስከ አማኑኤል ድረስ ያለው ርቀት በታክሲ የሚደረስ ነው፤ ጳውሎስ ሆስፒታልም አለርትም ሩቅ አይደሉም። የአገሪቱ ሌላው ክፍል የሚመኘውን ቅርበት ይህ ሠፈር በእጁ ይዞታል። የጎደለው ደብዳቤውን የሚጽፍ፣ ልጁን ከእናቱ ጋራ ይዞ የሚሄድ፣ ሲመለስም ለመምህራኑ ምን ያህል መናገር እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላም ጥቂት ነገር አለ። እኛ ስንታመም የሐኪም ወረቀት አቅርበን ፈቃድ እንወስዳለን፤ መደባችንም ይጠብቀናል። በታይፎይድ ሦስት ሳምንት የቀረ ተማሪም ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የቀረበት ፈተና ይሰጠዋል። ከአማኑኤል ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ የመጣው ልጅም በዚያው መስኮት፣ በዚያው ጸሐፊ፣ በዚያው መዝገብ ላይ ያለ ሹክሹክታ እንዲስተናገድ አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃዋል፤ ወረቀቱን ሲያወጣም ከኋላው የተሰለፉት ልጆች አርእስቱን እንዳያነቡት መስኮቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ቢገባ መልካም ነው።